ጥፊ የለመደው ስክሪን

ሰፈሩ በሙሉ ቡጢ ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ታናሽ እህቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙ ደግሞ ዝም ብሎ አልመጣም። አባቱ ቀበቶውን ሳይፈታ ልጅ ማናገር የማይሆንለት ሰው ነበር። ቡጢም ገና የወተት ጥርሱ ሳይረግፍ ከተመቺዎቹ ወገን መሆን እንደማይፈልግ ወሰነ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ እጁ ከአፉ ይቀድማል። ትምህርቱን ያቋረጠውም አንድ አስተማሪ ጆሮውን ቢቆነጥጠው ከነወንበሩ ስለገለበጠው ነው። አፍንጫው ሁለቴ ተሰብሮ ወደ ግራ ዞሯል፤ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያናግርህ እንኳ አጠገብህ ያለውን ሰው የሚያሸት ነው የሚመስለው።

የሚገርመው ግን ሥራው ነው። ያ አካፋ የሚያህል እጅ ቅማል የምታክል ብሎን ይፈታል። ማሽን ላይ የሚገጠሙ ትናንሽ ኮምፒውተሮችን ነው የሚጠግነው። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፋ ሙሉ ቀን አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ ኮምፒውተር አለች አይደል፣ እሷን። ማንም አላስተማረውም። ፈትቶ፣ አበላሽቶ፣ ተሳድቦ፣ መልሶ ገጥሞ ነው የለመደው። "በቡጢ እኮ ነው የሚጠግነው" እያሉ ይስቁበታል። እሱ በሌለበት ነው ታዲያ።

ከእህቱ ጋር አንድ ቦታ ነው የሚሠሩት፤ ከብረት ላሜራ የበርና የመስኮት ማጠፊያ የሚያወጣ ወርክሾፕ ውስጥ። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ዘይት የጠጣ፣ መስኮቱ በአቧራ የታወረ ቤት ነው። መሀሉ ላይ ፕሬሷ አለች፣ ላሜራ የምትቆርጠው ማሽን። ፕሬሷ ወርዳ ብረቱን ስትጨፈልቀው መሬቱ ይዘላል፣ ጥርስህ ይጋጫል። ሁለት ሰው ነው የሚያሠራት። አንዱ ከፊት ሆኖ ላሜራውን በእጁ ያስገባል፣ ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ፔዳል ይረግጣል። ከኋላ ያለው የጓደኛውን እጅ አያይም፣ ፕሬሷ ትከልለዋለች። የሚያየው ፊቱ ያለውን ስክሪን ነው፣ ከሥሩ ሳጥን ውስጥ በተቆለፈች በአንዷ ትንሽ ኮምፒውተር የሚሠራውን። ፕሬሷ አፍ ላይ የተተከለች አንዲት የመብራት ዓይን አለች፤ እጅ ውስጥ ካየች ስክሪኑ ቀይ ይሆናል፣ እጁ ሲወጣ አረንጓዴ። አረንጓዴ ሲሆን ትረግጣለህ።

ታዲያ ዓይኗ እጅ ካየች ለምን ፕሬሷን ራሷን አታቆማትም? ድሮ ታቆማት ነበር። ሥራ አዘገየች ተባለና ገመዷ ተቆረጠ። አለቃው አዘዘ፣ ቡጢ ቆረጠ፣ ሠራተኛው አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ቀለም ብቻ ቀረ።

ሌላም አመል ነበራቸው። ስክሪኑ አንዳንዴ ብልጭ ድርግም ሲል በጥፊ ይሉታል። ከጎኑ፣ ጧ። ይስተካከላል። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይሄንን ነው፤ "እዚህ ጋ ነው፣ ጉንጩ ላይ።" የሚመታበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ሆኗል።

ያን ቀን ፔዳሉ ላይ የተቀመጠችው እህቱ ነበረች። ላሜራ የሚያስገባው ደግሞ ዘፋኙ። ዘፋኙ የሚሉት አፉ ስለማያርፍ ነው፤ ያየውን ሁሉ ዘፈን ያደርገዋል። ጠዋት ስለ እህትየዋ አረማመድ አንድ ነገር ገጠመ፣ ዳክዬ ምናምን የሚል፣ ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። እሷም የቡጢ እህት አይደለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦

"አንድ ቀን ይሄን እጅህን ነው የምቆርጥልህ" አለችው። እጁን እያወናጨፈ ነበር የሚዘፍነው።

"እጄን ተዪና እግርሽን አስተካክይ" አላት።

ተሳሳቁ። ሥራ ጀመሩ። ዘፈኑ ከፕሬሷ ወዲያ ይሰማታል፣ እሷም በዜማው ትረግጣለች። ከዚያ ፕሬሷ አንዴ ወረደች፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ተቆረጠ።

መጀመሪያ ጩኸት አልነበረም። ዘፋኙ ቀኝ እጁን አወጣና አየው፣ የሌላ ሰው እጅ ያዝልኝ የተባለ ይመስል። ሁለት ጣቱ የለም። ደሙ ላሜራው ላይ ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ፈሰሰ። ያኔ ነው የጮኸው። እንደዚያ ያለ ድምፅ በዕድሜው አውጥቶ አያውቅም።

አለቃው መኪናው ላይ ጭኖት ወደ ሆስፒታል ሮጠ፣ "ፖሊስ የሚጠራ ሰው እንዳላይ" እያለ። ሠራተኛው ግማሹ ተከተለው፣ ግማሹ ተበተነ። ቡጢ ጩኸቱን ሰምቶ ከጓሮ ሲደርስ ያገኘው ደሙንና እህቱን ነው። ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል።

"አረንጓዴ ነበር" አለችው። "አንተን ይንሳኝ፣ አረንጓዴ ነበር።"

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

የዘፋኙ ታላቅ ወንድም ከመንገዱ ማዶ ያለው ስጋ ቆራጭ ነው። ወሬ ቀድሞ ደርሶታል፤ የቡጢ እህት እቆርጥሃለሁ ብላ ዝታ ቆረጠችው ብለው ነግረውታል። ከሥራው ላይ ነው የተነሳው። ነጭ ሽርጡን አልፈታም፣ አጥንት የሚሰብርበትን ሰፊውን ቢላዋም ከእጁ አላስቀመጠም። ሁለት ጎረምሶች ከኋላው ቆመዋል።

"ቡጢ" አለ፣ ድምፁን ዝግ አድርጎ። "ካንተ ጋር ጉዳይ የለኝም። እሷን ስጠኝ። ሁለት ጣት ነው፣ ሌላ ነገሯን አልነካባትም።"

"ጋሼ፣ ይመለሱ።"

"ወንድሜ ከእንግዲህ በምን እጁ ይጎርሳል?"

"በግራው" አለ ቡጢ። አመለጠው። ሊል የፈለገው ሌላ ነበር፣ አፉ ግን እንደ እጁ ነው፣ አያስፈቅደውም።

ስጋ ቆራጩ ገባ። ቡጢ አገጩ ስር አገኘው፣ አንድ ጥርስ ላሜራው ላይ ተንኳኳ። አንደኛው ጎረምሳ ያገኘውን የብረት ዘንግ አንስቶ የቡጢን ጎን ሲለው ከውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ቡጢ ዞሮ በክርኑ አፍንጫውን አፈረሰለት። እንደገና ቀኝ እጁን ጨብጦ ሲሰነዝር ስጋ ቆራጩ ቢላዋውን ገለበጠና በጀርባው የተጨበጠ እጁን መታው። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ነው። ቡጢ እጁን አየ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺ እጅ አልታዘዝም አለችው።

ሁለተኛው ጎረምሳ ሊዘልበት ሲል እህትየዋ ከመሬት ተነስታ አንድ እቅፍ ማጠፊያ ፊቱ ላይ ዘረገፈችበት። ስጋ ቆራጩን በትከሻዋ ገፍታ ከደጅ አወጣችው፣ ጎረምሶቹም እየተደናበሩ ተከተሉት፣ የብረቱን በር ዘግታ መቀርቀሪያውን ወረወረች። ወዲያው ደጅ ላይ ያገኙት መዶሻ ወረደበት።

በሩ የተሰቀለው እዚያው በተሠራ ማጠፊያ ነው፣ በሦስት። ስጋ ቆራጩ እነሱኑ ነው የሚቀጠቅጠው።

"አደራ፣ ጥሩ አድርጋችሁ ነው አይደል የሠራችሁት?" አላት ቡጢ፣ እየተነፈሰ።

"የሰኞ ሥራ ከሆነ አለቀልን" አለች። ሰኞ ሰኞ ዘፋኙ እንቅልፉን ሳይጨርስ ነው የሚመጣው።

የላይኛው ማጠፊያ ለቀቀ። ቡጢ በግራ እጁ አንድ ዘንግ አነሳ።

"ልውጣና ልጨርሰው።"

"በምንህ? እጅህ እኮ እንደ ቲማቲም ፈርጧል።"

"በግራዬ።"

"እሺ፣ ትገድለዋለህ፣ ወይ ይገድልሃል። እኔስ? ነገም ከነገ ወዲያም ሰው የሚያየኝ እጅ ቆራጯ ተብዬ ነው። አረንጓዴ መሆኑን ማን ሊያምነኝ ነው?" ዘንጉን ከእጁ ነጠቀችው። "ሳጥኑን ክፈተው። ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ፈልግልኝ። ሌላ ነገር ካንተ አልፈልግም።"

ከፈተው። ብሎኑን በግራ እጁ እየፈታ፣ በጥርሱ እየያዘ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ኮምፒውተር አረንጓዴ መብራቷን እያርገበገበች ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀምጣለች። ስክሪኑን አየው፤ ይሠራል። መጥረጊያ አንስቶ እንጨቱን ፕሬሷ አፍ ውስጥ አስገባ፤ ቀይ። አወጣው፤ አረንጓዴ። ደግሞ አስገባው። ቀይ። ደጋገመው። አንዴም አልተሳሳተም። ኮምፒውተሯን አጥፍቶ አስነሳት፣ ያው ነው። ጨዋ ልጅ ሆናለች።

ከውጭ መዶሻው አያቋርጥም። ቡጢ በርከክ እንዳለ ቀና ብሎ እህቱን አያት። ጠዋት ያለችውን እሱም ሰምቷል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።

"ሚጣ" አላት፣ በልጅነቷ የሚጠራትን ስም። "ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። አውቀሽ ነው?"

በጥፊ አለችው። ጆሮው ጭው አለ፣ የተሰበረ ጎኑ ሳይቀር አመመው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አሁን መሬት ላይ ነበር። እሱ ግን ጉንጩን ይዞ ቀረ፣ ዓይኑ ከእሷ አልፎ ስክሪኑ ላይ ሄዶ ነበር።

"ስክሪኑንም እንዲህ መትተሽው ነበር?"

"ምን?"

"ከመርገጥሽ በፊት። ብልጭ ድርግም ብሎ፣ መትተሽዋል?"

ማልቀስ ጀምራ ነበር፣ ለቅሶዋን አቋረጠች። "ሁሌ እኮ ነው የምንመታው።"

"ያኔስ? ያኔ መትተሽው ነበር ወይ?"

"መትቼዋለሁ። ፈዘዘብኝ፣ መታሁት፣ አረንጓዴ ሆኖ መጣ፣ ረገጥኩ።"

ቡጢ አሮጌ ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ኮምፒውተሯ ላይ በኬብል ሰካ። ስክሪኑ ቢዋሽ እንኳ ኮምፒውተሯ ውስጥ ምን እንዳለ በዚያ ያያል። ከዚያ መጥረጊያውን ፕሬሷ አፍ ውስጥ ጣለው። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። የተላጠው ጉንጩ ላይ በግራ እጁ በጥፊ አለው። ስክሪኑ ጠፋ፣ መልሶ በራ።

አረንጓዴ።

መጥረጊያው ውስጥ ነው ያለው። ላፕቶፑ እጅ አለ፣ እጅ አለ፣ እጅ አለ እያለ ይጽፋል። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው።

እህትየዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የመሀለኛው ማጠፊያ ተሰብሮ ውስጥ ድረስ ተወርውሮ መጣ፣ ሁለቱም ዞር አላሉም።

ቡጢ በአንድ ጣት ቁልፎቹን እየጠቀጠቀ ፈለገ። አገኘው። ስክሪን ራሱን ችሎ አይሠራም፤ ኮምፒውተሯ ስክሪኑን የምታናግርበት አስተርጓሚ ያስፈልጋታል፣ ድራይቨር የሚሉት እሱን ነው። አንድ ስክሪን፣ አንድ ድራይቨር። እዚህ ግን ሁለት ነበሩ። አንዱ የአሁኑ ስክሪን ድራይቨር ነው። ሌላው የድሮው፣ ተሰብሮ የተጣለው ስክሪን ድራይቨር ነው። የሞተ ሰው አስተርጓሚ ደሞዙን እየበላ ጥግ ተቀምጧል ማለት ነው። ደህና ቀን ዝም ይላል። በጥፊ ሲመቱት ግን ኬብሉ ለቅጽበት ይላቀቃል፣ ኮምፒውተሯ ስክሪኗ የጠፋ ይመስላታል፣ ሲመለስ ሁለቱም ተሯሩጠው ሊይዙት ይጋፋሉ። አንዳንዴ አዲሱ ይቀድማል። አንዳንዴ አሮጌው ይቀድምና መጨረሻ የሚያውቀውን አረንጓዴ ለጥፎ ድርቅ ይላል። አዲሱ ከኋላው ቆሞ ቀይ፣ ቀይ ብሎ ቢጮህ የሚሰማው የለም።

"አገኘኸው?" አለች እህቱ።

አገኘው። ሌላም ነገር አገኘ፣ እሱን ግን መፈለግ አላስፈለገውም፣ ያውቀዋል። የድሮው ስክሪን የተሰበረው በዘፋኙ ግንባር ነው። ዘፋኙ ስለ ቡጢ አፍንጫ ዘፍኖ፣ ቡጢ ማጅራቱን ይዞ ስክሪኑ ላይ ላተመው። ግንባሩ ተሰፋ፣ ስክሪኑ ተጣለ። ቡጢ ከሌላ ማሽን የተረፈ ሌላ ዓይነት ስክሪን አምጥቶ ገጠመ፣ አዲሱን ድራይቨር ጫነ፣ አሮጌውን ተወው። እሱ አሮጌ ነገር አይጥልም፤ ቤቱም ላፕቶፑም ምናልባት ያስፈልጋል ብሎ ባስቀመጠው ኮተት የተሞላ ነው።

"ምን ሆንክ?" አለችው። ፊቱ ተለዋውጧል።

"ምንም። አንቺ ነጻ ነሽ" አለና ተነሳ። "ከኋላዬ ሁኚ።"

የታችኛው ማጠፊያ ገና አልወለቀም ነበር። መቀርቀሪያውን ራሱ ሳበው፣ በሩ አጋድሎ ወደቀ። ስጋ ቆራጩ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። አፉ ደም ነው፣ ሽርጡ ላይ የከብት ደምና የሱ ደም አይለይም።

"ጋሼ፣ ይግቡ። ከመምታትዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ። ካዩ በኋላ እንደፈለጉ።"

ሁለቱን እጆቹን ወደ ታች አድርጎ ነው የሚያወራው። እንዲያ ቆሞ አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም፣ ለዚህ ይሆናል ስጋ ቆራጩ መዶሻውን ጥሎ ቢላዋውን ከሽርጡ መቀነት እየመዘዘ የገባው። ቡጢ መጥረጊያውን ፕሬሷ አፍ ውስጥ አጋደመው።

"ይሄ የወንድምዎ እጅ ነው ይበሉ። ስክሪኑን ይዩ።"

ቀይ ነበር። በጥፊ መታው። ቀይ ሆኖ ተመለሰ። እንደገና መታው። አረንጓዴ።

"ሚጣ፣ ርገጪ።"

ረገጠች። ፕሬሷ ወረደች። የመጥረጊያው እንጨት ፈንድቶ ስንጥሩ የስጋ ቆራጩ ጉንጭ ላይ ተሰካ። ሰውየው አልነቀለውም። ስክሪኑን ነው የሚያየው። አረንጓዴ ነው፣ ጭልጥ ያለ፣ የሚያምር አረንጓዴ።

"እሷ ከኋላ ናት፣ እጁን አታየውም" አለ ቡጢ። "ያየችው ይሄንን ነው።"

ስጋ ቆራጩ ከስክሪኑ ወደ ቡጢ ዞረ። "ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?"

ማሽኑ ነው ማለት ይቻል ነበር። እህትየዋም በዓይኗ እንደሱ በል እያለችው ነበር፣ ያኔ ነው የእሱ እጅ እንዳለበት የገባት።

"እኔ ነኝ" አለ ቡጢ። "ስክሪኑን በወንድምዎ ጭንቅላት የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይሄኛውን ገጥሜ የድሮውን ድራይቨር ሳላጠፋ የተውኩት እኔ ነኝ። ዓይኗ ፕሬሷን የምታቆምበትን ገመድ የቆረጥኩትም እኔ።"

የስጋ ቆራጩ የመጀመሪያ ምት የቡጢ ዓይን ላይ አረፈ። ሁለተኛው የተሰበረው ጎኑ ላይ። በጉልበቱ ወደቀ፣ ስጋ ቆራጩ በአንገቱ አነሳውና ደገመው። ጎረምሶቹ በር ላይ ቆመው ቢላዋው መቼ እንደሚወርድ ይጠብቃሉ። እህትየዋ የሰውየው ክንድ ላይ ስትንጠለጠል ቡጢ ደም እየተፋ "ተዪው ሚጣ" አላት። ግራ እጁ ደህና ነው። የስጋ ቆራጩ አገጭ ደግሞ ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፣ ሕፃን የማይስተው አገጭ። እጁ በራሷ ተጨበጠች። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ብሎን እንደሚፈታ ሰው ፈታቸው።

"ተከላከል እንጂ" አለ ስጋ ቆራጩ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ስጋ ስቀጠቅጥ ነው የምውለው። አንተም ስጋ ልትሆንብኝ ነው?"

ሰውየው የቡጢን ግራ እጅ ያዘና ጎትቶ ፕሬሷ አጠገብ ያለው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ቢላዋውን በስለቱ በኩል አነሳ። ለእሱ ይሄ የቀን ተቀን ሥራ ነው፣ መገጣጠሚያው የት እንደሆነ ሳያይ ያውቃል።

"ይሄ ስክሪን ነገም ይዋሻል?" አለ፣ ቢላዋውን እንዳነሳ።

"ካልተስተካከለ፣ አዎ።"

"ማን ነው የሚያስተካክለው?"

"እኔ ነኝ።"

"በየትኛው እጅህ?"

ቡጢ የፈረጠች ቀኝ እጁን አየ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋችውን። "የቀረችኝ ይቺ ናት፣ ጋሼ።"

ቢላዋው ወረደ። ከትንሿ ጣቱ ጎን እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ተተከለ፣ እጀታው እየተርገበገበ።

"አስተካክለው" አለ ስጋ ቆራጩ። "እዚሁ ቆሜ ነው የማየው።"

የቡጢ አንድ ዓይን አብጦ ተዘግቷል፣ ሌላው ደም ይጋርደዋል። ስለዚህ እህቱ ታነብለታለች፣ እሱ በአንድ ጣት ይጽፋል። አሮጌው ድራይቨር የነበረበትን ፋይል አጠፋው። ኮምፒውተሯ ስትነሳ እሱን የምትጠራበትንም መስመር አጠፋው። ኬብሉን በሽቦ ጠፍሮ አሰረው፤ መሰኪያው ግን ገና ላላ ነው። ከዚያ ከፕሬሷ ስር ገብቶ የተቆረጠውን የዓይኗን ገመድ ሁለት ጫፍ ፈለገ፣ በጥርሱ ላጠው፣ አጣመረው፣ በቴፕ ጠቀለለው። ቴፑ ላይ ደም ቀርቶበታል፣ አልጠረገውም።

የመጥረጊያውን ስባሪ ፕሬሷ አፍ ውስጥ አስገባ። ቀይ።

"ርገጪ።"

ረገጠች። ፕሬሷ ዝም። ሁለቴ ረገጠች። አልወረደችም።

"አሁን ምቺው" አላት፣ ስክሪኑን እያሳያት።

እጇን አነሳች፣ አልቻለችም። እጇ አየር ላይ ቀረ፣ መልሳ አወረደችው።

ስጋ ቆራጩ ገፋ አድርጓት ቀረበ። በዚያ አጥንት በሚሰብር ክንዱ የተላጠው ቦታ ላይ በጥፊ አለው። ስክሪኑ ጠፋ፣ ተመለሰ። ቀይ። ደገመው። ቀይ። ከዚያ ወዲያ አላቆመም፤ በመዳፉ፣ በመዳፉ ጀርባ፣ እንባውና የአፉ ደም አገጩ ላይ እየተቀላቀለ፣ አንዴ የወንድሙን ስም እየጠራ፣ ይመታዋል። በመታው ቁጥር ይጠፋል፣ በጠፋ ቁጥር ቀይ ሆኖ ይመለሳል።

ቡጢ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እህቱ የተሰበረች እጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣለት፣ በአንድ ዓይኑ ቀዩን ያያል። ስጋ ቆራጩን በቃ ያለው ሰው የለም።